የቦቄ ዘር

ጋዲሳን ከስምንት ዓመት በኋላ ያየሁት የሞተች ላም እንቁላል ደረቱ ላይ አቅፎ በላብራቶሪያችን በር ላይ ቆሞ ነው። አንድ ቀን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አበባ ይዞ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ቢያንስ እፍረት ይዞ ሲመጣ ስንት ጊዜ በሐሳቤ አይቼዋለሁ። ቴርሞስ ይዞ ይመጣል ብዬ ግን በህልሜም አላሰብኩም።

ቀትር ነበር። የአዳማ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠች እሱ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አብራኝ የምትሠራው ሱሃይላ በመስኮት አየችውና፣ "ይሄ ልጅ ታሞ ነው ወይስ ዶሮ ሰርቆ ነው?" ብላ ሳቀች። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

"እንደ ሥጋ በበረዶ እንዳታመጣው፣ ይሞታል ተብዬ ነበር" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "ከሁሩታ እስከዚህ ከደረቴ አላወረድኩትም።" ከዚያ ቀና አለ። ሲያየኝ የያዘውን ሊጥለው ምንም አልቀረውም።

"ሶረቲ…"

"ዶክተር ሶረቲ" አልኩትና ቴርሞሱን ተቀበልኩት። ላዩ ላይ የነበረው ሙቀት የእሱ ገላ ሙቀት ነው። እጄ ከሚገባው በላይ እዚያው ላይ ቆየ። እጄን ረገምኩት።

የመጣበትን ጉዳይ ቆሞ ነገረኝ፤ ተቀመጥ አላልኩትም። በአባቱ እርሻ ስሟ የገነነው፣ "ንግሥት" የሚሏት ላም ጠዋት ቦይ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከማረድ ሌላ ምርጫ አልነበረም። የወለደችው ወንድ ወንዱን ነው፤ እህቶቿን ያለፈው ክረምት በሽታ ጨርሷቸዋል። እንደታረደች የእንቁላል ከረጢቶቿን አስወጥቶ ይዞልን ሮጠ። ከእነሱ ፅንስ መሥራት ካልቻልን የዚያ ዘር ነገር አበቃለት።

"ግንባሯ እንዴት ነበር?" አልኩት። ልጠይቀው አላሰብኩም፤ አፌ ቀደመኝ።

"ነጭ" አለ። ድምፁ ወረደ። "እንደ እናቷ። እንደ አያቷ። ታውቂያለሽ እኮ፣ ሶሪ።"

አዎ፣ አውቃለሁ። እንደ ድሮው ሶሪ ሲለኝ የተሰማኝ ነገር ፍቅር ይሁን ጥላቻ ለመለየት ጊዜ አልሰጠሁትም። በሩን ዘጋሁበት።

* * *

እኛ ዘንድ ልጅ ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ አባት አንዲት ጊደር መርጦ ይሰጠዋል። ሃንዱራ ትባላለች። ጊደሯ ብቻ አይደለችም፤ የምትወልደው፣ የወለደችውም የምትወልደው፣ ሁሉ የልጁ ነው። አባቴ ሰንበታ የአቶ ፉፋ እረኛ ነበር፤ መንጋ አልነበረውም። የነበረችውን አንዲት ግንባረ ነጭ ጊደር፣ ቦቄን፣ ለእኔ ለሴት ልጁ ሰጠ። ቦቄ ከጌታው ከብቶች ጋር ትውል ታድር ነበር፤ የት ይውሰዳት? ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ፣ አቶ ፉፋ ወተታቸውን እየሸጠ በሀብት ላይ ሀብት ጨመረ። አባቴ ግን፣ "ይሁን፣ ስታገባ እንለይላታለን" ይል ነበር።

ላገባ የነበረው ደግሞ ጋዲሳን ነው፤ የአቶ ፉፋን ብቸኛ ልጅ። አብረን ጥጃ ያገድን፣ አብረን ሁሩታ የተማርን፣ እኔ የእንስሳት ሕክምና ልማር ስሄድ በየሚኒባሱ እርጎ እየላከ የክፍል ጓደኞቼን ያስቀና የነበረውን ጋዲሳን። "ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። አባቴም ልጄ ባዶ እጇን አትዳርም ብሎ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ ከብቶቿ እንዲለዩላት ጠየቀ።

አቶ ፉፋ ሳቀ። (አንቱ አልለውም፤ አንቱታዬን የማስቀምጠው ለሚገባው ነው።) "እረኛ ምን ከብት አለው? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው!" አለ። ለሽምግልናው ዋርካ ሥር የተቀመጠው ሁሉ አብሮት ሳቀ። ከብት አላት ከተባለ የእረኛው ልጅ ምራቴ ልትሆን ነው ብሎ እንደፈራ ያኔ አልገባኝም ነበር። የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ገመዳ ብቻ አልሳቁም፤ ወደ ጋዲሳ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንተ ከከብቶቹ ጋር ነው ያደግኸው። ቦቄ የማን ነበረች?"

ጋዲሳ አባቱን አየ። ከዚያ ጫማውን አየ። "አላውቅም" አለ።

አባቴ በዚያው ሳምንት ከግቢው ወጣ። አዳማ ውስጥ የሌላ ሰው ግንብ ዘበኛ ሆኖ ኖረ፣ ዘበኛ እንደሆነ ሞተ። ሊሞት ሲል ስለ በሽታው አላወራኝም፤ ስለ ቦቄ ነው ያወራኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ።

* * *

"እኔ አንቺን ብሆን" አለች ሱሃይላ ታሪኩን ስትሰማ፣ "የኢንኩቤተሩን ሶኬት ነቅዬ ሻይ ልጠጣ እወጣ ነበር። መብራት ጠፋ ትያለሽ፣ አለቀ። አዳማ ውስጥ መብራት ጠፋ ሲባል ማን ይጠረጥራል?"

አልዋሽም፣ ሶኬቱን አይቼዋለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ።

እንቁላሎቹን በመርፌ ስቤ ያወጣሁት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ሙቀት ውስጥ አሳደርኳቸው፤ በስለው ሲጠብቁኝ ከኮርማ ዘር ጋር አገናኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት ይሆናል፤ አንዳንዱ ደክሞት መንገድ ላይ ይቀራል። በሳህኑ ላይ አጎንብሼ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው እንደ ሕፃን ያሳሱኛል። የእኔ ናቸው፤ የአባቴ ስጦታ ናቸው። ደግሞ ወዲያው እነሱን ጠብቄ አሳድጌ ለፉፋ ላስረክብ ነው ብዬ ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ።

"ለምን አልነቀልሽውም ታዲያ?" አለችኝ ሱሃይላ አንድ ቀን።

"ሰው ያላየው በቀል ምን ያደርግልኛል?" አልኳት። "አባቴ የተዋረደው በሰው ፊት ነው።"

"ወይ አላህ! አንቺስ ታስፈሪያለሽ" አለችና ጓንቷን አወለቀች። "ግን እሱ ልጅ ከባጃጅ ተራው አልሄደም፤ አይተሽዋል?"

አይቼዋለሁ። በየቀኑ ከላብራቶሪያችን ፊት ለፊት ባጃጆች ከሚቆሙበት ጥላ ሥር ይቀመጣል። አይገባም፣ አይደውልም። ወደ መስኮታችን ቀና ሲል መጋረጃ እስባለሁ፤ ቀና ሳይል ሲቀር ደግሞ መጋረጃውን እከፍታለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ፅንሶቹ በደረሱበት ቀን ራሴ ወጥቼ ጠራሁት። ነጭ ጋዋን አለበስኩት፣ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዲያጎነብስ አደረግኩ። ትከሻው ትከሻዬን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ጭድና ሳሙና ይሸታል፤ ያኔም እንደዚህ ነበር የሚሸተው።

"የትኛዋ ናት ቦቄን የምትመስለው?" አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ።

"ገና ግንባር የላቸውም፣ ጅል!" ብዬ ልስቅ ነበር። ያዝኩት። ስምንት ዓመት የገነባሁት ቂም በአንድ ሳቅ ሊፈርስ ሲል ደነገጥኩና ከአጠገቡ ራቅኩ።

"ፅንሶቹን ሁሩታ ድረስ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ" አልኩት። "ለአባትህ ሽማግሌዎቹን ሰብስብ በለው፤ ሥራው በምርቃት ይጀመር። ኦቦ ገመዳ እንዳይቀሩ። ዶክተሯ ማን ናት ካለህ ከአዳማ የመጣች ባለሙያ ናት በለው።"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ፈራህ?"

ጋዋኑን አውልቆ አጠፈው። "አባቴ የላከኝ ወደዚህ አልነበረም" አለ። "አዲስ አበባ አጠገብ ወዳለ ሌላ ቦታ ነበር የላከኝ። አንቺ ዘንድ የመጣሁት በራሴ ነው። የፈለግሽውን አድርጊ።"

ይህን ብሎ ወጣ። እኔ የምጠላው ጋዲሳ ፈሪ ነበር፤ ይህኛውን እንዴት እንደምጠላው ግራ ገባኝ፣ እሱም አናደደኝ።

* * *

ሙቀት የሚጠብቀውን ሳጥን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝኩ። የመልካሳን ድልድይ ተሻገርን፣ የሶደሬን መታጠፊያ አለፍን፣ ዴራ ላይ ፍየሎች መንገድ ዘጉብን። ሾፌሩ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል ተው አልኩት። በልቤ አባቴን እያናገርኩት ነበር።

ግቢው ሰው ሞልቶበታል። አቶ ፉፋ ወዳጆቹን ሁሉ ጠርቷል፤ ከብልቃጥ የሚወለድ ጥጃ ያለው ማን አለ? ስወርድ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳኝ፤ አላወቀኝም፣ የእረኛውን ልጅ ፊት ድሮም አስተውሎት አያውቅም።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር! ይረፉ፣ ይቀመጡ! መንገዱ አልጎዳዎትም?"

እርስዎ ሲለኝ እንደ ማር ነበር የጣፈጠኝ። እያንዳንዷን ቃል ቀስ ብዬ ላስኳት። ጊደሮቹ፣ ቀይም ጥቁርም፣ በበረቱ ውስጥ ተዘጋጅተው ቆመዋል፤ ፅንስ ለመቀበል ሰውነታቸው እንዲደርስ በመርፌ ሲዘጋጁ ነበር የሰነበቱት። ኦቦ ገመዳ ሊመርቁ ተነሱ።

"አባቴ፣ ከምርቃቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ" አልኳቸው። "የእነዚህ ፅንሶች ባለቤት ማነው?"

"እኔ ነኛ!" አለ አቶ ፉፋ እየሳቀ። "የንግሥት ልጆች አይደሉ እንዴ?"

"ንግሥት የማን ልጅ ልጅ ናት?"

ሳቁ ቀጠነ። "ይህ ደግሞ ለሥራው ያስፈልጋል፣ ዶክተር?"

"ለሥራው አያስፈልግም፤ ለእኔ ግን ያስፈልገኛል። አባቴ ሰንበታ ይባላል። እዚህ ግቢ ከብት ጠብቆ ነው የሸበተው። ንግሥት የእኔዋ የቦቄ ዘር ናት።"

ሕዝቡ እርስ በርሱ ሲጠቃቀስ ብታዩት! አቶ ፉፋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "አንቺ!" አለ። እርስዎ እዚያው ላይ ሞተች። "የእረኛው ልጅ! ደግሞ መጣሽ? ማስረጃሽ የታለ?"

"ልጅህ ነዋ" አልኩት።

ኦቦ ገመዳ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ጋዲሳ፣ ያኔም ጠይቄሃለሁ፣ ዛሬም እጠይቅሃለሁ። ቦቄ የማን ነበረች?"

ጋዲሳ ከበረቱ አጥር ላይ ወርዶ መሐል ገባ። አባቱን አየ። ጫማውን አላየም።

"የሶረቲ ሃንዱራ ነበረች። ያኔም አውቅ ነበር፣ ኦቦ ገመዳ። አልረሳሁም፣ አልተሳሳትኩም። ፈራሁ። አባቴን ፈራሁ፣ ይህን ግቢ ማጣት ፈራሁ። ሰንበታ ስዋሽ እያየኝ ነበር፤ አልተቆጣኝም፤ አዘነልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።"

እሱን አላየሁትም። ያየሁት የአቶ ፉፋን ፊት ነው። ስምንት ዓመት የራበኝን ፊት ጠግቤ አየሁት፤ ከንፈሩ ሲገረጣ፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ወዳጅ ሲያጣ። አባቴ ቆሞ የነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ደስ አለኝ። ክፉ ነሽ በሉኝ፣ እጅግ በጣም ደስ አለኝ።

"የሃንዱራ ዘር የልጅ ነው" አሉ ኦቦ ገመዳ። "ከአባቶቻችን የወረስነው ሕግ ይህ ነው። ፅንሶቹ የሶረቲ ናቸው።" ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ፉፋ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚወድቅ ሰው አይደለም። "ይሁን! ትውሰዳቸው!" አለና ሳቁን መልሶ ለበሰ። "በረቱ ግን የእኔ ነው፣ ጊደሮቹም የእኔ ናቸው። የከብቶቼን ማህፀን ለእረኛ ልጅ አላከራይም። በብልቃጥ ታሳድጋቸው!"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እሱን ማዋረዱን ብቻ ሳሰላ ፅንስ ያለ ማህፀን ምን እንደሆነ ረሳሁ። የተዘጋጀ ጊደር በአካባቢው ከዚህ በቀር የለም። ወደ አዳማ መልሼ ናይትሮጅን ውስጥ ላቀዝቅዛቸው ብል፣ ከዚህ ሁሉ መንገላታት በኋላ ስንቱ ይተርፋል? ሳጥኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። የአባቴ ስጦታ በገዛ ቂሜ ምክንያት እጄ ላይ ሊሞት ነው።

"ቀያዮቹ የአንተ አይደሉም፣ አባዬ" አለ ጋዲሳ።

"ምን አልክ?"

"ቀያዮቹ ጊደሮች። እኔ ስወለድ በገዛ እጅህ የሰጠኸኝ የቀይዋ ላም ዘር ናቸው። የእኔ ሃንዱራ።" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ወይስ ሕጉ ለእኔ አይሠራም?"

ኦቦ ገመዳ ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። "አሁን ፈርደን እንዴት አይሠራም? ፉፋ፣ ራስህ ይሁን ብለሃል እኮ፤ ሁላችን ሰምተናል።"

አቶ ፉፋ ልጁን አየው። ስድብ ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። "ከነከብቶችህ ውጣልኝ" ብቻ አለ፤ በዝግታ። "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም።"

"ግቢዬ ቅርብ ነው፤ ወደ እኔ ንዳቸው" አሉ ኦቦ ገመዳ።

የፉፋ ልጅ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ዱላ አንስቶ ቀያይ ጊደሮቹን እየነዳ በአባቱ በር ወጣ። እንዳያስደነግጣቸው ቀስ ብሎ፣ በጥርሱ እያፏጨ። እኔ ሳጥኔን አቅፌ ከኋላው ተከተልኩ። ማሸነፌን አውቃለሁ፤ ለምን እርምጃዬን ከእሱ እርምጃ ጋር እንዳስተካከልኩ ግን አላውቅም።

* * *

በኦቦ ገመዳ ግቢ ጊደሮቹን በየተራ ከተጋደመ ግንድ ጋር አሰርናቸው። ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻዬ ሳብኩ። ሥራው ይህ ነው፤ አንድ እጅ በጊደሯ ውስጥ ማህፀኗን ይዞ ይመራል፣ ሌላው እጅ ፅንሱ ያለበትን ቀጭን ዘንግ ያስገባል። ትንፋሽ መያዝ ይጠይቃል። ጋዲሳ ጭራ ይይዝልኛል። ሌላ ሰው አልነበረም።

"ይቅር በይኝ አልልሽም" አለኝ።

"ብትልም ይቅርታ የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም!" ጊደሯ ደንግጣ ተወራጨች፤ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። "አባቴ የሰው በር እየጠበቀ ሲሞት አታውቅም። ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅ የኖርኩትን አታውቅም። ያን ሁሉ ያደረግኸው በአንድ ቃል ነው፣ ጋዲሳ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ቃል ተናገርክና ተስተካከለ ብለህ ነው?"

"አልተስተካከለም።"

"አልተስተካከለም! ስለዚህ ስማኝ።" ይህን ያሰብኩት ከግቢው እየነዳ ሲወጣ ሳየው ነው። "እነዚህ ጥጆች እስኪወለዱ፣ ከተወለዱም በኋላ እስኪያድጉ ድረስ የምትጠብቃቸው አንተ ነህ። አባቴ ለአባትህ እንደጠበቀ። በዝናቡም፣ በፀሐዩም። ሰው አትቀጥርም። የፉፋ ልጅ የሰንበታ ልጅ እረኛ ሆነ ተብሎ በዴራ ገበያ ይወራ፣ በኢተያ ይወራ፣ አሰላ ድረስ ይሰማ። ይህ ነው የእኔ ካሳ።"

ፊቱ እስኪወድቅ ጠበቅሁ። ያን ውድቀት ለማየት ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ፤ አሁን የሱ ተራ ነው። ጭራውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ላቡን ጠረገ፣ አሰበ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"እሺ" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ሕክምናውን ስማር እርጎ ልላክልሽ እያለ ሲጠይቀኝ እንደነበረው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ባለቤቷ ግን… ከብቶቿን በየስንት ጊዜው እየመጣች ታያለች?"

ድምፁ ውስጥ ያለው ነገር እፍረት አልነበረም። ተስፋ ነበር! የፈረድኩበትን ቅጣት እንደ ስጦታ ተቀበለኝ። ከዚህ የባሰ ንቀት፣ ከዚህ የባሰ ፍቅር አይቼ አላውቅም። ፊቱን በጥፊ ልለው ፈለግኩ፤ አንገቱ ሥር ገብቼ ልጮህም ፈለግኩ።

አንዱ እጄ እስከ ክንዴ ጊደሯ ውስጥ ነው፣ በሌላው ዘንጉን ይዣለሁ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የቦቄ ዘር አለ። ልመታውም፣ እንባዬን ልጠርግም አልቻልኩም።